በጎ ፈቃድና ፈቃድ፦ ድንበር ላይ የተያዙት የኩባ ኮምፒውተሮች

የዚያን ዘመን ሞኒተር ተሸክሞ የሚያውቅ ሰው ይረዳኛል። ከፊቱ ወፍራም መስተዋት ነው፣ ከኋላው እንደ ጉብታ የወጣ ሣጥን። ክብደቱ ሁሉ ወደ መስተዋቱ ስለሚያደላ ፊቱን ወደ ደረትዎ አዙረው ካላቀፉት ከእጅ ያመልጣል፤ አቅፈውት ሲሄዱ ደግሞ እግርዎ የሚረግጠውን አያዩም። ሲፒዩው፣ ኪቦርዱ፣ የሚጠላለፈው ገመድ ለብቻው ሌላ ሸክም ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 1996፣ በእኛ አቆጣጠር ጥር 22 ቀን 1988 ዓ.ም.፣ በካሊፎርኒያዋ ሳንዲያጎ በኩል ወደ ሜክሲኮ ሊሻገሩ የመጡ በጎ ፈቃደኞች እንዲህ ያለ ዕቃ በመቶዎች ጭነው ነበር። ዕቃው ለሜክሲኮ አልነበረም። በሜክሲኮ አልፎ ኩባ ይገባል፤ ለሐኪሞችና ለሕክምና ተቋማት የተለገሰ ነው። ድንበሩ ላይ የአሜሪካ ጉምሩክ ያዘው። በጎ ፈቃደኞቹ በቀጣዮቹ ሳምንታት እንደገና ሞከሩ፤ እንደገና ተያዘባቸው። በድምሩ ወደ 400 የሚጠጉ ኮምፒውተሮች የጉምሩክ እስረኛ ሆኑ።

ስለዚህ ጉዳይ በዝርዝር መጻፍ የፈለግኩት የራሴ ምክንያት ስላለኝ ነው። አገር ቤት ስገባ ከሻንጣዬ ልብስ ቀንሼ፣ ያገለገለ ላፕቶፕ በሹራብ ጠቅልለው ከሚጓዙት አንዱ ነኝ። እንዲህ የሚጓዝ ሰው ሁሉ ሦስቱን ጥያቄዎች ያውቃቸዋል፦ የማን ነው? ለማን ነው? ደብዳቤ አለው? ጥያቄዎቹ ሲጠየቁ የሚያናድዱ፣ ቆይተው ሲያስቡት ግን ተገቢ የሆኑ ጥያቄዎች ናቸው። የሳንዲያጎዎቹ ሰዎች ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጥርት ያለ መልስ ነበራቸው። ሦስተኛውን ግን አውቀው፣ አስበውበት፣ አንመልስም አሉ። የጉዳዩ እምብርት እዚህ ላይ ነው።

ኩባም ለእኛ ባዕድ አገር አይደለችም። አዲስ አበባ፣ ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት በቆመው የትግላችን ሐውልት ዙሪያ በኦጋዴን ጦርነት የወደቁ ኩባውያን ምስል አለ። ከዚያ ጦርነት በኋላ በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች፣ ብዙዎቹ ወላጆቻቸውን በጦርነቱ ያጡ፣ ወጣቶች ደሴት በምትባለው የኩባ ደሴት ትምህርት ቤቶች ተምረው አድገዋል። ስለ ኩባ መንግሥት ያለን ስሜት የተለያየ ሊሆን ይችላል። የኩባ ሐኪም ስንባል ግን የምናውቀውን ሰው ነው የምናስበው።

በጎ ፈቃደኞቹን የመራው ድርጅት «ፓስተርስ ፎር ፒስ» ይባላል፤ የሰላም መጋቢዎች እንደማለት ነው። መሥራቹ የባፕቲስቱ ፓስተር ሉሽየስ ዎከር ናቸው። ጥቁር አሜሪካዊ ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1967 የተቋቋመውን ኢፍኮ የተባለ የአብያተ ክርስቲያናት ድርጅት ለረጅም ዓመታት መርተዋል። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1988 ኒካራጓ ውስጥ በወንዝ ጀልባ ሲጓዙ፣ በአሜሪካ መንግሥት ገንዘብ የሚደገፉት ኮንትራዎች የተባሉ የኒካራጓ አማፅያን ጀልባዋ ላይ ተኩስ ከፈቱ። ሁለት ሰዎች ሞቱ፤ ዎከር ከቆሰሉት አንዱ ነበሩ። የገዛ አገራቸው ግብር የገዛው ጥይት እንዳገኛቸው ያመኑት እኚህ ሰው፣ በዚያው ዓመት ሰላማዊ ዜጎችን አስተባብረው በመኪና እርዳታ የሚያደርስ ድርጅት አቋቋሙ። ሲራራ ነጋዴ በቅፍለት እንደሚጓዘው፣ ከአሜሪካና ከካናዳ ልዩ ልዩ ከተሞች የተነሡ መኪኖች በየመንገዱ እየተቀላቀሉ ድንበር ላይ ይገናኛሉ። በየከተማው ቤተ ክርስቲያን ያድራሉ፣ ለምን እንደሚጓዙ ይናገራሉ፣ ዕቃ ይቀበላሉ። ዕቃውን በአንድ ኮንቴይነር መላክ ይቀል ነበር። ነገር ግን መንገዱ ራሱ ስብከታቸው ነበር።

ወደ ኩባ የመጀመሪያው ቅፍለት የሄደው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። በሚቀጥለው ዓመት በቴክሳሷ ላሬዶ አንዲት ትንሽ ቢጫ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ተያዘችባቸው። ውስጧ የነበሩት ሰዎች ከአውቶቡሷ አንወርድም አሉ፤ በዚያ የበጋ ቃጠሎ ለ23 ቀናት እዚያው ተቀምጠው የረሃብ አድማ አደረጉ። አውቶቡሷ ተለቀቀችና ሃቫና ወደሚገኘው የኤቤኔዘር ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ደረሰች። ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በ1996 ጉምሩክ ሲይዛቸው መንገዱን አንድ ጊዜ ሄደውበታል። መንግሥትም ሄዶበታል።

ኮምፒውተሮቹ ለማን ነበሩ? «ኢንፎሜድ» ለሚባለው የኩባ የጤና መረጃ መረብ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ስለ እርዳታ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ተቀባዩ ነውና።

ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1991 ስትፈርስ ኩባ ነዳጁን፣ ስንዴውን፣ መለዋወጫውን በአንድ ጊዜ አጣች። ወረቀትም ጠፋ። ወረቀት ሲጠፋ የሕክምና መጽሔት መታተሙ ቆመ፤ ከውጭ የሚመጣውን ለመግዛት ደግሞ የውጭ ምንዛሪ የለም። አገሪቱ በየሰፈሩ የቤተሰብ ሐኪም አሰማርታለች፤ ሐኪሙ ከሕመምተኞቹ መካከል ይኖራል፣ ማን ደም ግፊት እንዳለበት፣ ማን እርጉዝ እንደሆነች በስም ያውቃል። የሚያነበው ግን የለውም። በዚሁ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1992 እና በ1993፣ ዓይንን የሚያደክምና እግርን የሚያደነዝዝ የነርቭ በሽታ ተነሥቶ ከ50,000 በላይ ሰዎችን አጠቃ። የበሽታው ዋና ሥር የምግብ እጥረት መሆኑ የታወቀው ከብዙ ምርመራ በኋላ ነው። አንድ የገጠር ሐኪም ጎልማሳ ሕመምተኛ መጥቶ «ዓይኔ ፈዘዘብኝ» ሲለው፣ በሌላው ክፍለ አገር ያለው ሐኪም ያንኑ ቅሬታ ሰምቶ እንደሆነ ማወቅ ምን ማለት እንደሆነ ያስቡት።

ኢንፎሜድ የተወለደው በዚያን ሰዓት፣ በ1992፣ ነው። የኩባ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር አቋቋመው። አሠራሩ ዛሬ ላለ ሰው ቀርፋፋ ነው፤ ለዚያን ጊዜው ግን ብልሃት ነበር። ሐኪሙ ወይም የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ ደብዳቤውን ኮምፒውተር ላይ ይጽፋሉ። ሞደሙ እየተንጫጫ በተራ የስልክ መስመር ወደ ማዕከሉ ይደውላል፣ የተጠራቀመውን ይሰጣል፣ የመጣውን ይቀበላል፣ ይዘጋል። ኩባ ሙሉ የኢንተርኔት መስመር ገና አልነበራትም፤ ወደ ውጭ የሚሄደው ኢሜይል እየተጠራቀመ በስልክ ወደ ካናዳ ይሻገር ነበር። ለእንዲህ ያለ ሥራ አዲስ ማሽን አያስፈልግም። ጽሑፍ የሚያሳይ ስክሪንና የሚሠራ ሞደም ይበቃል። አሜሪካ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት አዲስ ሲገዛ ኮሪደር ላይ የሚያስቀምጠው አሮጌ ኮምፒውተር፣ ለአንድ የኩባ ፖሊክሊኒክ ሙሉ ቤተ መጻሕፍት ይሆናል።

ልገሳው ይህን ያህል ከተቀባዩ ፍላጎት ጋር የተገጣጠመ መሆኑ ብርቅ ነው። ልኬ የማውቀው፣ ደርሶ ያየሁት ብዙ ኮምፒውተር የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚጠግነው ሳይታሰብ የሄደ ነው፤ ከመጋዘን ሲወጣ አቧራው እንደ ሸማ ይራገፋል። ኢንፎሜድ ግን ባለሙያ አለው፣ መረቡ ቀድሞ ቆሟል፣ የጎደለው ማሽን ብቻ ነው።

ታዲያ ለምን ተያዘ? አሜሪካ በኩባ ላይ ማዕቀቡን ያጸናችው እ.ኤ.አ. በ1962 በፕሬዚዳንት ኬኔዲ አዋጅ ነው። ከዚያ ቀጥሎ የወጡት ደንቦች እ.ኤ.አ. በ1917 በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የታወጀውን፣ ከጠላት ጋር መነገድን የሚከለክለውን ሕግ የተንተራሱ ናቸው። ማዕቀቡ ሰብዓዊ እርዳታን ጨርሶ አልዘጋም፤ ፈቃድ ጠይቆ፣ ዝርዝር አስገብቶ፣ ተመርምሮ መላክ ይቻላል። ኮምፒውተር ደግሞ ከመድኃኒት ይልቅ የሚያጠራጥር ዕቃ ነበር፤ ሐኪም የሚጽፍበት ማሽን ወታደርም ይጽፍበታል ይባላል። የመንግሥት አቋም እንግዲህ አጭር ነው፦ ፈቃድ ጠይቁ።

ዎከርና ጓደኞቻቸው ከ1992 ጀምሮ ፈቃድ ጠይቀው አያውቁም። ምክንያታቸውም አጭር ነው፦ ለባልንጀራ መልካም ለማድረግ የመንግሥት ፈቃድ አይጠየቅም። ፈቃድ ከጠየቅን፣ ሊከለክለን መብት እንዳለው አምነናል ማለት ነው። አማርኛችን ለሁለቱም አንድ ቃል ነው ያለው፤ በጎ ፈቃድም ፈቃድ ነው፣ ከመሥሪያ ቤት በማኅተም የሚወጣውም ፈቃድ ነው። ሳንዲያጎ ድንበር ላይ ሁለቱ ፈቃዶች ፊት ለፊት ተጋጠሙ።

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1996 ዎከርን ጨምሮ አምስት ሰዎች መጾም ጀመሩ። «ጾም ለሕይወት» አሉት። ዎከር የ65 ዓመት ሰው ነበሩ። ቀኑ በምዕራባውያን አብያተ ክርስቲያናት የዐቢይ ጾም መግቢያ፣ የአመድ ረቡዕ የሚሉት ዕለት ነው። በእኛ አቆጣጠር የካቲት 13 ቀን 1988 ዓ.ም. ሲሆን ሁዳዴ ከገባ ሁለት ቀን አልፎት ነበር። ስለዚህ ያንን ዓመት ሁዳዴ የጾመ አንባቢ ሁሉ፣ ሳያውቃቸው አብሯቸው ጾሟል። እኛ ግን ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሽሮውን፣ ምስሩን እንቀምሳለን። እነሱ ከሚጠጣ በቀር አልቀመሱም። ሚያዝያ 6 ቀን ፋሲካ ሆኖ እኛ ዶሮውን ስንፈታ፣ እነሱ 54ኛ ቀናቸው ላይ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ገና 40 ቀን ይቀራቸው ነበር።

ጾሙ ድንበሩ አጠገብ ተጀምሮ ኋላ ወደ ዋሽንግተን ተዛወረ። ብልህ ውሳኔ ነበር። ዕቃውን የያዘው ጉምሩክ ያን ጊዜ በገንዘብ ሚኒስቴር ሥር ነበር፤ ማዕቀቡን የሚያስፈጽመው ቢሮም እዚያው ሚኒስቴር ውስጥ ነው። ያሰረውም፣ ሊፈታ የሚችለውም አንድ በር ነው፤ በሩም ያለው ዋሽንግተን ነው።

ጊዜው ግን ክፉኛ ከዳቸው። ጾሙ በተጀመረ በአራተኛው ቀን፣ ፌብሩዋሪ 24፣ የኩባ ተዋጊ ጄቶች «ወንድማማቾች ለማዳን» የተባለ የማያሚ ስደተኞች ቡድን ያበረራቸውን ሁለት ትናንሽ ሲቪል አውሮፕላኖች መትተው ጣሉ። አራት ሰዎች ሞቱ። አሜሪካ በቁጣ ተናወጠች። ማርች 12 ፕሬዚዳንት ክሊንተን ማዕቀቡን የሚያጠብቀውን የሄልምስ በርተን ሕግ ፈረሙ። ዓመቱ የምርጫ ዓመት ነው፤ ፍሎሪዳ ደግሞ ማንም እጩ ሊያስቀይማት የማይፈልግ ግዛት ናት። የአራት ሰው ደም ሳይደርቅ «ለኩባ ኮምፒውተር ልቀቁ» ማለት ምን ያህል ከባድ እንደነበር መገመት አያዳግትም። ለሟቾቹ ቤተሰቦች ሲባልም፣ የጾመኞቹን ታሪክ ከዚያ ቀን ለይቶ መተረክ ልክ አይመስለኝም።

ሌላም ሊደበቅ የማይገባ ትችት አለ። ኩባ ውስጥ መረጃን የሚቆጣጠረው መንግሥት ነው። በዚያው ዓመት በጁን ወር መንግሥቱ ዓለም አቀፍ የመረጃ መረቦችን ማን እንደሚያገኝ የሚወስን አዋጅ ቁጥር 209ን አወጣ፤ ለሕዝብ ክፍት የሆነ በር ሳይሆን በየተቋሙ የሚመደብ በር ሆነ። ለሐኪም የተላከ ኮምፒውተር ሐኪሙን ለማንበብ አስችሎታል፤ ያሻውን እንዲናገር ነጻ አላወጣውም። የላኩት ሰዎች ይህን ጎን ሲያነሡት ብዙም አላየሁም። ቢያነሡት ጉዳያቸው ይጠነክር ነበር እንጂ አይዳከምም፤ ሰፈር ውስጥ ያለ ሐኪም ስለ ነርቭ በሽታ ማንበቡ የመንግሥቱን ጠባይ አይጠብቅምና።

እኔ ብሆን ፈቃዱን እጠይቅ ነበር። ይህን የምለው ቆራጥነታቸውን አሳንሼ አይደለም፤ ስለ 94 ቀን ጾም ሳስብ አንገቴን ነው የምደፋው። ግን ኮምፒውተር ወይን አይደለም፣ ሲቀመጥ አይጣፍጥም። ዊንዶውስ 95 ከወጣ ገና መንፈቅ ያህል ሆኖታል፤ አሮጌዎቹ ማሽኖች በየወሩ ወደኋላ ይቀራሉ። በጉምሩክ መጋዘን የሚያልፈው እያንዳንዱ ሳምንት ከተቀባዩ ድርሻ የሚቀነስ ነው። ሐኪሙ ማዕቀቡን ስለመታገል የጠየቀው ሰው የለም። ዕቃ የማድረስ ዓላማና ሕጉን የመጣስ ዓላማ አብረው እስከሄዱ ድረስ መልካም ነው። ሲጋጩ ግን የቱ እንደሚቀድም አስቀድሞ ለለጋሹም ለተቀባዩም መነገር አለበት። የኩባ ተቀባዮች ዓላማውን ያውቁት ነበርና ቅሬታ አላሰሙም፤ ሌላ አገር፣ ሌላ ተቀባይ ቢሆን እንዲህ ላይሆን ይችል ነበር።

ያም ሆኖ መፍትሔው ሲመጣ የመጣው ከሁለቱም ወገን አይደለም። ሁለቱም አንለቅም ብለው ነበር፤ መንግሥት ሕጉን ለጣሱ ሰዎች መልሶ ዕቃውን ቢያስረክብ ሕጉ ዋጋ ያጣል፣ ጾመኞቹ ፈቃድ ቢጠይቁ ከ1992 ጀምሮ የቆሙለት ነገር ይፈርሳል። መሀል የገባችው የተባበሩት ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ናት። የቤተ ክርስቲያንና ኅብረተሰብ ጉዳዮች ጠቅላይ ቦርዷ ዋሽንግተን ውስጥ፣ ከአሜሪካ ምክር ቤት ሕንፃ ከካፒቶል ማዶ የራሱ ሕንፃ አለው። የገንዘብ ሚኒስቴር ኮምፒውተሮቹን ለእሷ አደራ ለመልቀቅ ተስማማ። ሜይ 24 ቀን፣ በእኛ ግንቦት 16፣ በ94ኛው ቀን ጾሙ ተፈታ።

ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ የእኛ ሽምግልና ነው። ሁለት ጎረቤት በወሰን ተጣልተው ሁለቱም ፊታቸውን አዙረው ሲቆሙ፣ ሽማግሌ ማን ልክ እንደሆነ ለመፍረድ አይቸኩልም። «በሬውን ለእኔ ስጠኝ» ይላል። ባለቤቱ ለተጣላው ሰው አልሰጠም፤ ለሽማግሌው ነው የሰጠው። ሌላው ደግሞ ከተጣላው ሰው አልተቀበለም፤ ከሽማግሌው ነው የተቀበለው። የማንም ፊት ሳይጠቁር በሬው ወደ እርሻው ይሄዳል። የሜቶዲስት ቦርዱ ያደረገው በሕግ ቋንቋ የተጻፈ ይኸው ነው። መንግሥት ለፓስተርስ ፎር ፒስ አላስረከበም። ፓስተርስ ፎር ፒስም ፈቃድ አልለመነም።

ሽማግሌ ግን ሰሚ የሚያገኘው ጠበኞቹ ሲደክሙ ነው። አምስቱ ሰዎች ራሳቸውን ባያዳክሙ ኖሮ ቦርዱ ቀርቦ የሚነጋገርበት አስቸኳይ ነገር አይኖርም ነበር። ጾማቸው ብቻውን ዕቃውን አላስፈታም፤ ያለ ጾማቸውም ማንም ስለ አሮጌ ኮምፒውተር ብሎ ስብሰባ አይጠራም። እኔ ፈቃዱን እጠይቅ ነበር ያልኩት ሰው፣ እዚህ ላይ ስደርስ አፌ ይያዛል።

ኮምፒውተሮቹ በዚያው ዓመት ኩባ ገቡ። ለኢንፎሜድ ሲደርሱ ጊዜው አላለፈባቸውም፤ ኩባ በዚያው ዓመት በመስከረም ግድም ነው በሳተላይት በሴኮንድ 64 ኪሎቢት የሚያሳልፍ የመጀመሪያውን የኢንተርኔት መስመሯን ያገኘችው። ዛሬ አንድ ስልክ ብቻውን የሚጠቀምበት የማይበቃው ይህ ቀጭን መስመር ለአንድ አገር የተዘረጋ ነበር፤ ጽሑፍ ብቻ ለሚያሳዩ አሮጌ ማሽኖች ግን የሚመጥን ነው።

ቅፍለቶቹ ከዚያ በኋላም ቀጠሉ። ኢፍኮ አሜሪካውያን ወጣቶችን ሃቫና ወዳለው የላቲን አሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤት እየላከ ሐኪም አድርጎ መመለስም ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2005 ክረምት በቴክሳስ ድንበር፣ ወደ ኩባ ሲጓዝ የነበረ ኮምፒውተር እንደገና ተያዘባቸው። ዎከር ያን ጊዜ ወደ 75 ዓመታቸው ተጠግተው ነበር። ያን ጊዜም ፈቃድ አልጠየቁም።